ሃውልስ ሙቪንግ ካስል፦ መጽሐፉንም ፊልሙንም የምታውቁ፣ በተለይ የቤት ታላቅ የሆናችሁ እስኪ ኑ

ጥልፍ_ሰሪዋ፦

ሰላም ቤተሰብ። ፊልሙን አኒሜ የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ፣ የጃፓናዊው ዳይሬክተር የሃያዎ ሚያዛኪው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው፣ ያ በዶሮ እግር ተራራ ለተራራ የሚሄደው ቤት ያለበት። እኔ ሲከፋኝ የማየው ፊልም ነው። መጽሐፍ እንዳለው ግን ቅርብ ጊዜ ነው የሰማሁት፣ ዳያና ዊን ጆንስ የምትባል እንግሊዛዊት በ1986 የጻፈችው ነው፣ ጓደኛዬ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላከችልኝና ገበያ ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት ሱቅ ቁጭ ብዬ በስልኬ አነበብኩት። ከጨረስኩት ጀምሮ ውስጤ አልረጋ አለኝ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ይሄን የማወራው ሰው የለኝም፣ ለዛ ነው እዚህ የመጣሁት።

ስለኔ ትንሽ ልበል፣ ያለሱ ጥያቄዬ አይገባችሁም። ለሦስት ሴት ልጆች ታላቅ ነኝ። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለን፣ የከፈተው አባቴ ነው፣ እሱ ካረፈ በኋላ እማዬና እኔ ነን የያዝነው። ሁለተኛዋ ፋርማሲ ተምራ ሥራ ይዛለች፣ ትንሿ ካናዳ ናት። እኔ አስራ ሁለተኛ እንደጨረስኩ "አንቺማ ታላቅ ነሽ፣ ሱቁን ማን ይይዘዋል" ተባለ፣ በቃ እዛው ቀረሁ። ማንም አልጮኸብኝም፣ ማንም አላስገደደኝም፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም፣ ሲያስፈልገኝ ከመሳቢያው እወስዳለሁ።

አሁን መጽሐፉ እንዴት እንደሚጀምር ስሙኝማ። ኢንጋሪ በሚባል አገር ከሦስት ልጆች ታላቅ ሆኖ መወለድ መጥፎ ዕድል ነው ይላል፣ ሦስቱ እንጀራ ፍለጋ ቢወጡ መጀመሪያ የሚወድቀው፣ ከሁሉም ብሶ የሚወድቀው ታላቁ መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ባለታሪኳ ሶፊ ይሄን አምና ነው ያደገችው። አባቷ ሲሞት የእንጀራ እናቷ ፋኒ ታናናሾቿን፣ ሌቲን ኬክ ቤት፣ ማርታን ጠንቋይ ቤት ሙያ እንዲማሩ ትልካቸዋለች፣ ሶፊ ግን ታላቅ ስለሆነች የባርኔጣ ሱቁን ትወርሳለች ተብሎ እዛው ትቀራለች። ትሰፋለች፣ ትሰፋለች፣ የሚያናግራት ሰው ስለሌለ ባርኔጣዎቹን ማናገር ትጀምራለች። አንዷን "አንቺ ሀብታም ነው የምታገቢው" ትላታለች፣ አንዷን "የወርቅ ልብ አለሽ፣ ትልቅ ሰው አይቶ ይወድሻል" ትላታለች። እኔ ደግሞ ጥበብ ስይዝ "አንቺ የመልስ ነሽ፣ አንቺ ደግሞ ለጥምቀት ነው የምትወጪው" እያልኩ የማወራ ሰው ነኝ፣ እማዬ ከማን ጋር ነው የምታወሪው ትለኛለች፣ ስለዚህ እዛ ገጽ ላይ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከዛ ሶፊ አንድ ቀን ደሞዝ ትጠይቃለች። ፋኒ "እንዴታ፣ ይገባሻል" ትላለች፣ ነገሩ ግን እዛው ይቀራል። ማርታ ናት ሶፊን አስቀምጣ የምትነግራት፣ ሰውን ለመበዝበዝ የግድ ክፉ መሆን አያስፈልግም፣ እናታችን ይሄን ታውቃለች ትላታለች። ይሄ አባባል አንጀቴ ውስጥ ገባ። እማዬ ክፉ አይደለችም እኮ፣ በጣም ነው የምትወደኝ።

ፊልሙ ላይ ይሄ ሁሉ አንዲት ንግግር ናት። ሌቲ "ዕድሜሽን በሙሉ እዛ ሱቅ ልትጨርሺ ነው?" ስትላት ሶፊ "አባታችን የሚወደው ሱቅ ነው፣ ደግሞ ታላቋ እኔ ነኝ" ብላ ትሄዳለች፣ አለቀ። ከዛ የምድረ በዳዋ ጠንቋይ መጥታ አሮጊት ታደርጋታለች፣ ተመልካቹም መከራዋ ከድግምቱ የጀመረ ይመስለዋል። መጽሐፉ ላይ ግን ድግምቱ ሳይመጣ በፊት ሶፊ አርጅታ ነበር። እንደውም የዘጠና ዓመት አሮጊት ስትሆን ነው አፍ የምታወጣው! ትቆጣለች፣ ታዛለች፣ የማታውቀው ሰው ቤት ገብታ እሳቱ አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ይሄ ለኛ ሰው ግልጽ ነው፣ ሰፈራችን ያሉት እናቶች ሰባን ካለፉ በኋላ ዕድር ላይ ሊቀመንበሩን ሳይቀር ፊት ለፊት ይናገሩታል፣ ማንም አይቆጣቸውም፣ እነዚያው ሴቶች በሠላሳ ዓመታቸው ግን ቀና ብለው አያወሩም ነበር።

ጥያቄዬ እንግዲህ፦ ለናንተ የትኛዋ ሶፊ ናት እውነተኛዋ? ከራሳችሁ ኑሮ ጋር የተገናኘባችሁ ነገር ካለም ንገሩኝ፣ ረዘም ቢል ደስ ይለኛል።

ባለመነጽሩ፦

እህቴ እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ አድርጎ ያነበበው ሰው አላጋጠመኝም። መልሴ መጽሐፉ ነው፣ ያለምንም ማቅማማት።

ደራሲዋ ራሷ የሦስት እህትማማች ታላቅ መሆኗን ታውቂያለሽ? በ1934 ለንደን ነው የተወለደችው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ትንሽ ልጅ ሆና ወደ ዌልስ ተላከች፣ በኋላ ቤተሰቡ ኤሴክስ ውስጥ ታክስቴድ የምትባል ቦታ ኖረ፣ ወላጆቿ የስብሰባና የትምህርት ማዕከል ያስተዳድሩ ነበርና ሐሳባቸው ሁሉ እዛ ላይ ነበር፣ ሦስቱን ልጆች ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። አባትየው ገንዘብ ላይ እጁ የማይፈታ ሰው ስለነበር የልጆች ደራሲውን የአርተር ራንሰምን መጻሕፍት በአንዴ ገዝቶ ቆለፈባቸውና በየገናው አንድ አንድ እያወጣ ለሦስቱ በጋራ ይሰጣቸው ነበር። መጽሐፍ ስለጠፋ ታላቋ እየጻፈች ለታናናሾቿ ታነብላቸው ጀመር፣ ደራሲ የሆነችው እንደዛ ነው። ስለዚህ "ታላቅ ሆኖ መወለድ" የምትለዋ መክፈቻ ከሜዳ የመጣች አይደለችም።

ፊልሙ ላይ በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ የሶፊን ሥልጣን መውሰዱ ነው። ባርኔጣዎቹን ስታናግር አልሽ አይደል፣ መጽሐፉ ላይ እኮ ያ ወሬ አልነበረም፣ ድግምት ነበር! የተናገረችው ሁሉ ይፈጸማል፣ የወርቅ ልብ አለሽ ያለቻትን ያቺን ተራ ባርኔጣ የገዛችውን ሴት እውነትም አንድ መስፍን ይዟት ይጠፋል። ሶፊ ግን አታውቅም፣ ለራሷ አንድም ቀን መልካም ነገር ተናግራ ስለማታውቅ። ስታደርቀው የኖረችው አንደበት ዕቃን ነፍስ የሚዘራበት አንደበት ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚሄደውን ቤት ጌታ አስማተኛውን ሃውልንና የእሳቱን ጋኔን ካልሲፈርን ከውላቸው የምትፈታው በዚሁ ነው፣ ካልሲፈርን ገና አንድ ሺህ ዓመት ኑር ብላ አዛው ነው። ፊልሙ ላይ ፍቅርና መሳም ነው ሥራውን የሚሠራው። የሚያምር ነው፣ አልክድም፣ ግን ሙያዋን ቀምቷታል።

አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉ ላይ ሃውል ሶፊ ድግምት እንዳለባት ገና ቀድሞ ነው የሚያውቀው፣ በድብቅ ሊፈታላት ሞክሮ አልፈታ ብሎታል፣ በኋላ ምን ይላታል መሰለሽ፣ መሸፈኑን አንቺው ወደሽው ነው ብዬ ደመደምኩ ይላታል። ጠንቋይዋ ብቻዋን አላስረጀቻትም ማለት ነው። እኔም ታላቅ ነኝ፣ "ኃላፊነት አለብኝ" እያልኩ ስንት ነገር ሳልሞክር እንደተውኩ ያን ገጽ ካነበብኩ በኋላ ነው መቁጠር የጀመርኩት።

የጦሳ_ልጅ፦

ባለመነጽሩ ወንድሜ በአንዱ አልስማማም። መሸፈኗን ወዳዋለች ያልከው ፊልሙ ላይም አለ፣ ያውም ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ። ያቺ አበባ የሞላባት ሜዳ ትዝ ትልሃለች? ሃውል ልጅ እያለ ይኖርበት የነበረውን ቦታ ሲያሳያት ሶፊ ፊቷ ልጅ ሆኗል፣ ወገቧ ቀንቷል፣ ከዛ "እኔ ቆንጆ አይደለሁም፣ የማውቀው ማጽዳት ብቻ ነው" ስትል ዓይናችን እያየ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ታረጃለች፣ ሲያረጁ ደግነቱ የሚያጡት ነገር ብዙ አይደለም ትላለች። ደራሲዋ በመጽሐፍ ሙሉ ያለችውን ሚያዛኪ በግማሽ ደቂቃ ነው ያሳየው። ፊልሙን ሙሉ ዕድሜዋ ከፍ ዝቅ የሚለው በምክንያት ነው፣ ስትተኛ ልጅ ናት፣ ስትቆጣ ልጅ ናት፣ ራሷን ስታሳንስ አሮጊት።

እኔን ግን ያቺ ሜዳ የያዘችኝ በሌላ ነገር ነው። ወዲያው የጦር መርከብ በሰማይ ላይ ይመጣል፣ ሶፊ ቀና ብላ የጠላት ነው የኛ ትላለች፣ ሃውል ምን ልዩነት አለው ይላታል። ጥቅምት 2014 ደሴ ነበርን። ድምፁ ከተራራው በኩል ሲመጣ ትንሹ ወንድሜ ልክ ይሄንኑ ነው የጠየቀው፣ አባቴ መልስ አልሰጠውም፣ አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባው። ከዛ ፍራሽ ታስሮ፣ ምጣዱ ሳይቀር ተጭኖ፣ መንገዱ በሰው ጢም ብሎ፣ ያን ሁሉ አልጽፈውም። ፊልሙን ከዛ በፊት አይቼው ነበር፣ ቆንጆ የፍቅር ታሪክ ነበር የሚመስለኝ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሆነን አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር ስናየው ግን ከተማዋ ስትቃጠል ሰዉ ጋሪ እየገፋ ሲሸሽ የሚያሳየው ቦታ ላይ ተነስቼ ወጣሁ።

መጽሐፉን በኋላ ሳነብ ጦርነቱ የለም! ጦርነት ይመጣል የሚል ወሬ አለ፣ የጠፋ ልዑል አለ፣ በቃ። ሚያዛኪ ነው ያመጣው። ሰውየው በ1941 የተወለደ ነው፣ የቤተሰቡ ፋብሪካ ለጦር አውሮፕላን የሚሆን ዕቃ ይሠራ ነበር፣ ኡትሱኖሚያ የምትባለው ከተማ በ1945 ስትደበደብ የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ በዓይኑ አይቷል። ፊልሙን ሲሠራ ደግሞ የኢራቅ ጦርነት ተነስቶ ነበር፣ በ2003 በቀደመ ፊልሙ ኦስካር ሲያሸንፍ እንኳን ያልሄደው ኢራቅን የሚደበድብ አገር መሄድ ስላልፈለገ እንደሆነ በኋላ ተናግሯል። ጆንስም ስለዚህ ነገር ተጠይቃ፣ ሁለታችንም በዛ ጦርነት ጊዜ ልጆች ነበርን፣ እኔ ጦርነቱን ከመጽሐፌ አስወጣዋለሁ፣ እሱ ያስገባዋል የሚል ሐሳብ ሰጥታለች። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። እኔ ራሴ ስለዛ ወር ማውራት አልወድም፣ እህቴ ደግሞ ካላወራች አትተኛም።

ሃውል ማታ ማታ እየወጣ ወፍ ሆኖ ይዋጋል፣ ሲነጋ ላባው ሳይረግፍ ይመለሳል፣ በየቀኑ ወደ ሰውነት መመለሱ እየከበደው ይሄዳል፣ ካልሲፈርም ያስጠነቅቀዋል። የአጎቴ ልጅ ተመልሶልናል፣ ይመስገን፣ ሥራም ጀምሯል። ግን ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ያየሁት ያን ሥዕል ውስጥ ነው፣ ሌላ የትም አላየሁትም።

አንድ የማልቀበለው ነገር አለ፣ መጨረሻውን። ሱሊማን የምትባለዋ የንጉሡ ጠንቋይ ይሄን የማይረባ ጦርነት እናቁም ትላለች፣ በቃ አለቀ። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ በአንድ ቃል የምታቆመው ከነበረ ለምን እስካሁን? ምናልባት ሚያዛኪም ይሄንኑ ሊል ፈልጎ ይሆናል፣ እኔ ግን ያቺ ቦታ ላይ በደረስኩ ቁጥር እናደዳለሁ።

ሉሊት፦

ስለ ሃውል ማንም አልተናገረም እንዴ? ፊልሙ ሃውልን መልአክ አድርጎታል። መጽሐፉ ላይ ሴት አሳዳጅ ነው፣ ልጅቷ እስክትወደው ድረስ ይለምናል፣ ስትወደው ይጠፋል፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሰዓታት አይወጣም፣ ጉንፋን ሲይዘው ቤቱ ሁሉ ካላስታመመኝ ይላል። የሶፊን እህት ሌቲን ሳይቀር ሲያባብል ነበር! ጆንስ ራሷም የፊልሙ ሶፊና ሃውል ከኔዎቹ ይልቅ ገርና ጨዋ ናቸው ብላለች። እኔ ግን የመጽሐፉን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሶፊ የምትወደው እያየችው ነው፣ ጉዱን አንድ በአንድ አውቃ፣ ስትጨቃጨቀው ከርማ። ባሌን ያገባሁት እንደዛ ነው። የፊልሙ ሶፊ ሰማይ ላይ ይዟት ሲራመድ ነው የወደቀችለት፣ ያ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ያጋጠመኝ ነው፣ መጨረሻውም አላማረም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እኔ የቤት ታናሽ ነኝ ግን ልግባ፣ ምክንያቱም ፊልሙ ሙሉ በሙሉ የቆረጠው አንድ ነገር አለ፣ እኔን ያስለቀሰኝ ደግሞ እሱ ነው።

የሚሄደውን ቤት በር ታስታውሳላችሁ፣ እጀታው በቀለም የሚዞረው። አንደኛው ቀለም ጥቁር ነው። ፊልሙ ላይ ጥቁሩ ወደ ጨለማና ወደ ጦርነቱ ነው የሚያወጣው። መጽሐፉ ላይ ጥቁሩ የሚያወጣው ወደ ዌልስ ነው፣ አዎ፣ መኪናና ቴሌቪዥን ወዳለበት ወደኛው ዓለም! ሃውል የኢንጋሪ ሰው አይደለም፣ ስሙ ሃወል ጄንኪንስ ነው፣ የዌልስ ልጅ ነው፣ አገሩን ትቶ ሌላ ዓለም ላይ ታላቅ አስማተኛ የሆነ ስደተኛ ነው። በዛ በር ሲወጣ ያ የሚያብረቀርቅ ልብሱ ጠፍቶ ጂንስና የራግቢ ሹራብ የለበሰ ተራ ሰው ይሆናል። እህቱ ሜጋን ቤት ይሄዳል (የቤቱ ስም ሪቨንዴል ነው፣ የቶልኪን ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ውስጥ ያለች ቦታ ናት፣ ጆንስ ኦክስፎርድ የሱ ተማሪ ስለነበረች ይመስለኛል)፣ ለእህቱ ልጅ የኮምፒውተር ጌም ይዞለት ገብቷል። እህትየው በሩን ከፍታ ምን ትላለች? ያን ሁሉ ተምረህ፣ ያን ሁሉ ሰው ከፍሎልህ፣ ደህና ሥራ ሳትይዝ ትዞራለህ፣ ዘመድ ታሳፍራለህ። ያ አንደበቱ የማያርፍ ሃውል ዝም ብሎ ይሰማል። ሶፊ አጠገቡ ቆማ ታየዋለች፣ እዛ ጋ ነው መጀመሪያ ጊዜ የምታዝንለት።

እኔ ከመጣሁ ቆይቷል። እዚህ የራሴ ሥራ አለኝ፣ ሰው ያከብረኛል፣ ሌሊት የጭነት መኪና ነው የምነዳው፣ ደስ እያለኝ ነው የምሠራው፣ ኦዲዮቡክ የማዳምጠውም እዛ ላይ ነው፣ ይሄን መጽሐፍም ከፔንሲልቬኒያ ስመለስ ነው የጨረስኩት። ታላቅ እህቴ ግን ኢንጂነር ይሆናል ብላ ነው ያስተማረችኝ፣ ልክ እንደ ጥልፍ ሰሪዋ ትምህርቷን ትታ እኔን ያስተማረች ናት። አገር ቤት ስገባ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ይዤ ነው የምገባው፣ ስልክ፣ ጫማ፣ ለልጆቿ ታብሌት፣ እሷ ዕቃውን ወደ ጎን ታደርግና "እና አሁንም መኪናው ላይ ነህ?" ትለኛለች። መልስ የለኝም። እዚያ ቤት ስገባ ልክ እንደ ሃውል ልብሴ ይቀየራል፣ ትንሽ ልጅ እሆናለሁ።

ጥልፍ ሰሪዋ፣ ይሄን ስጽፍልሽ አንድ ነገር እየተረዳሁ ነው፣ ሜጋንን እስከዛሬ ጨካኝ ናት ብዬ ነበር ያነበብኳት። ያንቺን ጽሑፍ ካየሁ በኋላ ግን ሜጋንም የቀረችው ናት፣ በሩን ከፍታ የምትቀበለው ሁልጊዜ እሷ ናት፣ ወንድሟ በየትኛው በር እንደሚሄድ እንኳን ነግሯት አያውቅም። እኔም ለእህቴ እዚህ ምን እንደምሠራ፣ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል፣ ለምን እንደወደድኩት ቁጭ ብዬ ነግሬያት አላውቅም፣ ዕቃ ነው የማመጣላት። ፊልሙ ይሄን ቆርጦ ጥቁሩን በር የጦርነት በር ማድረጉ ለጦሳ ልጅ ትክክል ሆኖለታል፣ ገባኝ፣ ለኔ ግን የታሪኩን እምብርት ነው ያወጣው።

ከቤይሩት_የተመለስኩ፦

ሁላችሁም ደስ ስትሉ። እኔ መጽሐፉን አላነበብኩትም ስለዚህ ስለ ፊልሙ ብቻ ነው የምናገረው፣ የሚያውቅ ይጨምርበት።

የምድረ በዳዋ ጠንቋይ ሶፊን አሮጊት ያደረገቻት ናት አይደል። በኋላ ቤተ መንግሥት ስትጠራ ያን ደረጃ ላብ በላብ ሆና ትወጣለች፣ ሱሊማን ሥልጣኗን ሁሉ ትነጥቃታለች፣ ኩምትር ያለች ራሷን የማታውቅ አሮጊት ትሆናለች። ሶፊ ደግሞ ይዛት ትሄዳለች! ታበላታለች፣ ታስተኛታለች። መጀመሪያ ሳየው ይሄ አይሆንም አልኩ።

ቤይሩት የማዳምን እናት ነበር የማስታምመው። ስገባ ጠንካራ ነበሩ፣ ምላሳቸው እሳት ነው፣ ያደረጉኝን ሁሉ አልዘረዝርም፣ ፓስፖርቴ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነበር፣ ከበር መውጣት የለም። ከዛ እየረሱ መጡ። መጀመሪያ የልጃቸውን ስም፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ በኋላ ማንኪያ አያያዝ። መጨረሻ ላይ የሚያውቁት እኔን ብቻ ነበር፣ እጄን ካልያዙ አይተኙም። ሌሊት ሌሊት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እነዚህ እጆች ናቸው የመቱኝ እላለሁ፣ እጃቸውን ግን አልለቅም። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ማስረዳት አልችልም ነበር፣ አንዳንዱ ሞኝነት ነው ይለኛል፣ አንዳንዱ ጽድቅ ነው ይላል፣ ሁለቱም አይደለም።

ፊልሙ ላይ ሶፊም ምክንያት አትሰጥም። ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ንግግር የለም። ሾርባውን ታቀርባለች፣ ፎጣውን ታስተካክላለች፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ማንም ስለሌለ። አሮጊቷም ክፋቷ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ መጨረሻ ላይ ካልሲፈር ውስጥ ያለውን የሃውልን ልብ ስታይ ነጥቃ ቤቱን ልታቃጥል ነበር። እውነት ነው እንደዛ ናቸው። የሠራው ሰው በሽተኛ ያስታመመ ነው ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ።

ባለመነጽሩ፦

እህቴ ይሄን ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። መጽሐፉ ላይ ጠንቋይዋ እስከ መጨረሻው ጠላት ናት፣ የገዛ የእሳት ጋኔኗ ውስጧን በልቶ የጨረሳት ሴት ናት፣ ሃውልም ካልተጠነቀቀ እንደሷ እንደሚሆን ማስፈራሪያ ሆና ነው የቆመችው፣ ሃውል ይገድላታል። ማስታመም የሚባል ነገር የለም። ሚያዛኪ ከራሱ ጨምሮታል። እስካሁን ይሄን ጭማሪ ታሪኩን ማለስለስ ነው እያልኩ ነበር የምከራከረው፣ አንቺ እንዳልሽው ካየሁት ግን የፊልሙ ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። የሶፊን ሥልጣን መቀማቱን ግን አሁንም አልምረውም።

ጥልፍ_ሰሪዋ፦

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። ሱቅ ሰው ገብቶ "ምን ሆነሽ ነው" እስኪለኝ ድረስ።

የጦሳ ልጅ፣ እግዜር ያጽናችሁ። ያቺን ሜዳ ሁልጊዜ የማያት ለአበባው ነበር፣ የመርከቡን ጥያቄ ካንተ በኋላ ተመልሼ አየሁት። ከቤይሩት የተመለስሽው እህቴ፣ ስላንቺ የምለው ቃል የለኝም፣ እንኳን በሰላም ገባሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ሜጋን ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ ሶፊ ነኝ ነበር የምለው። ግን ትንሿ እህቴ ከካናዳ ስትደውል መጀመሪያ የምጠይቃት "ብር ላክሽ ወይ" ነው፣ እንዴት ዋልሽ አይደለም። እህትህ ዕቃውን ወደ ጎን ስታደርግ የምትፈልገው እንዲነገራት ነው፣ ይሄን ከኛ ወገን ሆኜ ልንገርህ። ሌሊቱን ንገራት።

ስለ ደሞዙ የጠየቃችሁኝ በውስጥ መስመር ብዙ ናችሁ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ፋኒ ትመጣለች አይደል፣ ሀብታም አግብታ፣ ሶፊን ስታይ አቅፋት ታለቅሳለች፣ ሶፊም ክፉ እንዳልነበረች ታያለች፣ ሱቁ ለሷም ሸክም የሆነባት ገና ወጣት ሴት ነበረች። ፊልሙ ላይ ግን እናትየው ለቅሶውን ታለቅስና ሱሊማን የላከችውን የስለላ ትል አስቀምጣ ትወጣለች፣ ያንን ጨርሶ አልወደድኩትም፣ እናትን እንደዛ ማድረግ ቀላል ነው፣ የፋኒ ግን ከባድ ነው፣ ወዳሻለች፣ ግን ደሞዝ አልሰጠችሽም፣ ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ያለሁት እዛ ነው። ከእማዬ ጋር ከፋሲካ ገበያ በኋላ ሒሳብ ስንዘጋ አወራታለሁ፣ የማታ ዲዛይን ኮርስም አይቻለሁ፣ ደሞዙን የምጠይቀው ለሱ ነው። ለመልሳችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቀጣይ መጽሐፍ አለው ይባላል፣ እውነት ነው?

ባለመነጽሩ፦

አለው፣ ሁለት ነው። "ካስል ኢን ዘ ኤር" በ1990፣ "ሃውስ ኦፍ ሜኒ ዌይስ" በ2008። ዋናዎቹ ሌሎች ሰዎች ናቸው፣ ሶፊና ሃውል ግን ይመጣሉ፣ በሁለተኛው ላይ ሶፊ እናት ሆናለች፣ አሁንም ትቆጣለች። በስልክ ዓይንሽን አትጨርሺ፣ እህትሽ ካናዳ ካለች ሦስቱንም በወረቀት ታምጣልሽ፣ ስትደውል እንዴት ዋልሽ ካልሽ በኋላ ንገሪያት።